ከፍየል ቁመት በላይ

ታኅሣሥ 17
ከቢሮ ስመለስ መብራት የለም። ውሃም የለም። በስልኬ ብርሃን ሽሮ ሠራሁ።

ባሌ በቃሉ እየጎረሰ፣ "እማዬ ለገና ትመጣለች" አለ። እናቱ ናቸው፣ ምን እላለሁ? ግን አምና... እማማ ብሪቱ በኩሽናዬ በር አንገታቸውን አስግገው፣ "ልጄ የሚበላው ከዚህ ጉድጓድ ነው?" አሉ። ከዚያ በዓሉን ሙሉ ሻይና ብስኩት። ዶሮዬን አንድ ጉርሻ እንኳ!

ግድግዳውን አየሁት። ጥቀርሻ ነው፣ እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ ግን ይበላሉ። አለቀ።

ታኅሣሥ 19
ቢሮ ሊቃጠል ከተከመረው አሮጌ መጽሔትና ጋዜጣ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ተሸክሜ መጣሁ። "ሳሎኑን አታሳምሪም?" ይለኛል በቃሉ። ሳሎኑን ማን ሰደበው?

ታኅሣሥ 23
ዱቄት አፍልቼ ሙጫ አበጀሁ። ቀኑን ሙሉ ስለጥፍ ዋልኩ፣ ከላይ እስከ ታች። ባለቀለሙን ምድጃው ፊት፣ ጋዜጣውን በሩ ጥግ። ጥድ ስላጣሁ ከነቅጠሉ ቀርከሃ አቆምኩ፣ ጥጥ በጥጥ አደረግኩት። ፊኛም ሰቀልኩ። አንዱ ፈነዳና በቃሉ ደንግጦ ሻዩን ሱሪው ላይ ደፋ።

ውይ፣ ደስ ሲል! ኩሽናው ማለቴ ነው።

ታኅሣሥ 27
አልቅሼ ነው የምጽፈው።

በቃሉ የገና ፍየል ገዛ። ግቢ ቢያስራት የጎረቤታችንን የሳሊማን የማንጎ ችግኝ ትበላለች ብሎ... ኩሽና አስሯት ሥራ ሄደ! ለጎረቤት ማሰብ ጥሩ ነው። ለሚስትስ?

ስመጣ ቀርከሃው ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ግድግዳው ከወገብ በታች ራቁቱን። እሷ ቆማ ታመሰኳለች፣ ጥጡ አፏ ላይ።

"ረሳሁት" አለ በቃሉ። ምኑን? ፍየል እንደምትበላ?

ጩኸቴን ሰምታ ሳሊማ መጣች። ስታይ ሳቀች፣ መሬት እስክትቀመጥ። በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንድ ነው፦ "ወላሂ ሕሊና፣ ዱቄት ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ፍየል ታስራለህ? ይሄ ምሳ ነው እኮ! ሌላ ጊዜ ሙጫ ውስጥ በርበሬ አድርግ።"

ተናደድኩባት። ግን ሄዳ ቀይና ነጭ አፈር በጥብጣ ተመለሰች። የተበላውን በሙሉ ሁለታችን ቀባነው። ሳላስበው እኔም ስስቅ ነበር።

ታኅሣሥ 28
ቀለሙ ደረቀ። ጾም ስለሆነ ወጡን ሳልቀምስ ሠራሁ። ጨው በዝቶ ይሆን? ፍየሏ ነገ ትታረዳለች። ምንም አላዘንኩላትም።

ታኅሣሥ 29
መጡ።

ኩሽናው በር ላይ ቆሙ። አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ መነጽር አወጡ! ጣታቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። "መሠረተ ትምህርት ተምሬ፣ እኛ ሰፈራ አምባ ውስጥ የሚነበብ የት ተገኝቶ" አሉ። ሳሎን ይግቡ ብንላቸው እምቢ። በርጩማ አስመጡ።

በሰርጓ ቀን የጠፋች ሙሽራ ታሪክ ነው። "አይ አንቺ ልጅ፣ የት ገባሽ?" ይሏታል። ጥብሱን አቀረብኩላቸው። ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ ጎረሱ!

እያነበቡ ወርደው ወርደው ቀዩ ቀለም ጋ ደረሱ።

"መጨረሻውስ?"

"ፍየሏ በላችው፣ እማማ።"

"የቷ ፍየል?"

ሳህናቸውን አየሁ። እሳቸውም አዩት። በቃሉን ሳል ያዘው።

"እንግዲያ ጨምሪልኝ" አሉ። "መጨረሻውን ሳላገኝ አልነሣም።"

ሦስቴ ጨመርኩላቸው። ዶሮውንም በሉ። ደስ አለኝ... በጣም ደስ አለኝ።

ጥር 3
እማማ ብሪቱ ደወሉ። ስልኩን ለበቃሉ ላቀብል ስል፣ "እሱን ምን አደርገዋለሁ? ሙሽራዋ ተገኘች ወይ?" አሉ።

የቢሮውን ክምር እያገላበጥኩ እየፈለግኩ ነው አልኳቸው።

"ለጥምቀት እመጣለሁ። ከምድጃው ወዲያ ያለውን አላነበብኩትም። የሙሽራዋን መጨረሻ ስታገኚ ደግሞ ከፍየል ቁመት በላይ ለጥፊው፣ ልጄ።"

ልጄ! አምና የሚሄዱበትን ቀን ነበር የምቆጥረው።

ዛሬ ሙጫ አፈላሁ። በርበሬ ጨመርኩበት።