አራተኛው ገጽ

ጄኖቫ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1998

ለወንድሜ ለኢላሪዮ፣

ሞንቴቪዴዮ እንዴት ይዛሃለች? ስሜህ ልጀምር ብዬ ነበር፤ ግን ሃያ አራት ዓመት ያልሳመ ሰው በድንገት ቢስም ያስደነግጣል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ጠልቷል።

የባለቤትህ የግራሲዬላ ደብዳቤ ደርሶኛል። በወሩ መጨረሻ ሰኞ ጉሮሮህን ኦፕራሲዮን እንደምትሆን፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅ እንደማይኖርህ ጽፋልኛለች። ደብዳቤውን ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ከትቼ ሱቄን ከፈትኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ሥራ ደህና ነው። ወጣቱ ሲዲ ሲገዛ አሮጌ ሸክላውን በርካሽ ይጥልልኛል። ዝም ብዬ እሰበስባለሁ፤ አንድ ቀን ተመልሰው ይለምኑኛል። በመስኮቱ በኩል ያለው መደርደሪያ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ ለሚተርኩ አልበሞች ብቻ ነው። ለሚገዛ ሁሉ “ዘፈን እንዳትዘል፣ መጽሐፍ ከመሃል አይጀመርም” እላለሁ። የአንተና የጓደኞችህ “የመብራቱ ጠባቂዎች” የተባለው አልበም ግን እዚያ ተደርድሮ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።

ባለፈው ቅዳሜ ባቺቻ የሚባል ደንበኛዬ፣ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር፣ ያንኑ አልበም ሊሸጥልኝ አመጣ። ሳልሰማ ስለማልገዛ ከሁለቱ ሸክላዎች የመጀመሪያውን አጫወትኩ፤ አንዱ ገጽ ሲያልቅ ገለበጥኩት።

“ሲኞራ ዴልፊና፣ ምን እየሠሩ ነው?”

“ጭረት እየፈለግኩ ነዋ! እርስዎ ትራምዎን ሳይፈትሹ ነበር እንዴ የሚነዱት?”

“እሱስ ይሁን። ግን ከአንደኛው ገጽ ቀጥሎ አራተኛው? መጨረሻውን እኮ መሃል ላይ ከተቱት!”

“የምን አራት?”

“መነጽርዎን ያድርጉና ያንብቡት። አንድና አራት በዚህኛው ሸክላ፣ ሁለትና ሦስት በዚያኛው። ሸክላ ደርድሮ ራሱ እየጣለ ለሚያጫውተው ማሽን ተብሎ እንዲህ ይሠራል፤ አንድና ሁለትን ያጫውታል፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ገልብጠው ሦስትና አራትን ይሰማሉ። ይህን ያስተማሩኝ ራስዎ አይደሉም? ቄስ እንኳ እንደርስዎ አይሰብክም!”

እውነቱን ነው። አልበማችሁ በወጣበት በ1974 የምሸጠው ሬዲዮና ካውያ ነበር፤ ስለ ሸክላ የማውቀው ሲያልቅ መገልበጥን ብቻ። በኋላ ሥራውን ስማር የሌላውን ሰው አልበም ሁሉ በቅደም ተከተሉ ሰማሁ። ያንተን ዳግመኛ አልከፈትኩትም።

ያን ጊዜ፣ በ1974፣ የሰማሁት ዕለት የጻፍኩት ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ “የኢላሪዮን ሸክላ ሰማሁ። በባሕሩ ዳር መብራት የሚጠብቁ እኅትና ወንድም ናቸው። እኅትየው በጀልባ ወጥታ ከማዕበል ታወጣዋለች። በኋላ ሳያስፈቅዳት ባሕር ይወጣል። መጨረሻ ላይ ተናዳ መብራቱን ታጠፋለች፣ በሩን ትዘጋለች። እኔን ማለቱ ነው። ከተማው ሁሉ ይሰማዋል።”

አየህ፣ ጀልባው የታሪኩ መጨረሻ መሆኑን ሳላውቅ፣ ድሮ፣ ከመጣላታቸው በፊት የሆነ ነገር መስሎኝ ነበር።

በዚያው ዓመት በገና ምሳ ላይ የራቪዮሊው ፓስታ ሳይነካ “እስከ መጨረሻው ሰማሽው?” አልከኝ። ፊትህ ያበራ ነበር። “እስከ መጨረሻው። ከዛሬ ጀምሮ እኅት የለህም” አልኩህ። እናታችን “ዴልፊና! በገና?” አለች። አንተ ዝም አልክ። የጥፋተኛ ዝምታ ነው ብዬ ደመደምኩ። ለካ አንተ የሰማኸው ሌላ ነው፤ በመጨረሻ እኅትየው ጀልባዋን ይዛ እንደወጣች ሰምቼ፣ በምድጃው ዳር ስታሞቀው ሰምቼ፣ እንዲያም ሆኖ ያን ያልኩህ መስሎሃል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻንጣህን ይዘህ ልትሰናበተኝ መጣህ። መንገድ ስትሻገር አይቼሃለሁ። የሱቁን መዝጊያ አወረድኩ፤ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ገበያውም የደራበት ሰዓት። አንተ በዘፈን የጻፍከውን እኔ በእጄ ሠራሁት፤ እስከ ሦስተኛው ገጽ ድረስ ብቻ።

ባለፈው ቅዳሜ አልበሙን ገዝቼ ባቺቻን ከሸኘሁ በኋላ በቅደም ተከተሉ አጫወትኩት። በደብተሬ ላይ “አራተኛውን ገጽ ሰማሁ” ብቻ ነው የጻፍኩት። ያቺ ሴትዮ እንዴት እንደምትቀዝፍ! እኔን እንደዚያ አድርገህ ነበር የምታየኝ?

ኖቬምበር 28፣ ቅዳሜ፣ በእናንተ ሰዓት ማለዳ እደውላለሁ። ስለ ድሮው ምንም እንድትል አልፈልግም። በስሜ ጥራኝ፣ ይበቃኛል። እሱም ከከበደህ አንሣውና ዝም በል፤ እኔ አወራለሁ። ዝምታህን ዳግመኛ በራሴ አልተረጉመውም።

የተራራዋ እመቤታችን የሐኪሞቹን እጅ ትያዝልህ። ግራሲዬላንም ሳምልኝ።

እኅትህ ዴልፊና

ይህን ጽፌ ሳልዘጋው ባቺቻ ተጸጽቶ ሸክላውን መልሶ ሊገዛ መጣ፤ ከከፈልኩት ዋጋ እጥፍ አድርጎ። አልሸጥም አልኩት። “ታመዋል እንዴ?” አለኝ። በመስኮቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከመንገድ ማዶ በሚታይበት ቦታ አቁሜዋለሁ።