ያለ ጠብታ የሚያልቅ ውሃ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ መካኒኩ የሚኒባሳችንን ሞተር የዘይት ክዳን ሲከፍት ዘይቱ ወተት መስሏል። "ውሃ ገብቶበታል፤ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ሳይሰነጠቅ አይቀርም" አለ። እኔማ ወር ሙሉ ስናገር ነበር። አዳማ ላይ የሞላነው ራዲያተር ደራ ሳንደርስ ጎድሎ ሞተሩ ይግላል፤ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። "ታዲያ ውሃው ወዴት ይሄዳል?" ስለው ባሌ፣ "አንቺ ትጠጪዋለሽ" እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስለዚህ ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። "ይኸው፣ ጠጪው ተገኘ" አልኩት መካኒኩ ፊት።

አልሳቀም። እንጀራችን ይቺው አሮጌ ሚኒባስ ናት፤ መካኒኩም "የዚህ ሞዴል ዕቃ ከገበያ ጠፍቷል" ብሎናል። በእግራችን ስንመለስ፣ "እሺ፣ ምን ይሻለናል?" አለኝ። ስለ መኪናው ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።