በኦፕፊኮን መጋዘን፣ በሳጥን ውስጥ ስለሚገኘው ልጃችን

ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ
የካቲት 11 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተመላሽ ሥዕሎች ማቆያ ክፍል ኃላፊ
ኦፕፊኮን፣ ዙሪክ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደከረመ እጠይቃለሁ። በዚህ ብርድ ጉንፋን ያልያዘው ሰው የለምና፣ እርስዎንና በሥርዎ ያሉትን ትጉሃን ሠራተኞች ከሳልም ከትኩሳትም ይሰውራችሁ። እኛ ደህና ነን። "ደህና ነን" የሚለውን ቃል ስድስት ዓመት ሙሉ ስጽፈው ስለኖርኩ፣ እጄ አሁን እኔን ሳያስፈቅድ ይጽፈዋል።

በአማርኛ ስለጻፍኩልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ የጻፉልን በጀርመንኛ ነበር፤ እኛ ደግሞ በፈረንሳይኛ እየተንተባተብን የምንውል የጄኔቫ ነዋሪዎች በመሆናችን፣ ደብዳቤዎ የገባኝ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔም ሦስት ቀን ብሰጥዎ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ። ስምዎን ያልጠራሁት በንቀት ሳይሆን ፊርማዎ ሊነበብልኝ ባለመቻሉ ነው። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ፣ እዚህ ያለን ስደተኞች በስቴንስል እያባዛን በምናነባት መጽሔት ላይ አወጣዋለሁ።

ጉዳዩ አንድ ሥዕል ነው። ቁመቱ ሰማንያ፣ ወርዱ ስልሳ ሳንቲሜትር። የተቀመጠ ወጣት፤ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ያልተቆለፈ። ወጣቱ ልጃችን ፍቅሬ ነው። የሣለው የልጅነት ጓደኛው ኅሩይ ሲሆን፣ እዚያው ዙሪክ፣ አልትሽቴተን በሚገኝ የጭነት መጋዘን በአዘቦት ቀን ሳጥን ይጭናል፣ እሑድ እሑድ ይሥላል። እኔ እዚህ ካለ አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት መዝገብ ቤት በጡረታ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። ወደዚህ ስንመጣ ፍቅሬ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ጨርሶ ሊከተለን አዲስ አበባ ቀረ። በጥር 1970 ከአክስቱ ቤት ወሰዱት። የወሰዱት ሰዎች ወረቀት አልጻፉም። የት እንዳለ የጠየቀችው አክስቱ ደግማ እንዳትጠይቅ ተነገራት። ከዚያ ወዲህ፣ ምንም። የፎቶ አልበማችን ከተወረሰው ቤታችን ጋር ስለቀረ፣ የልጃችንን መልክ የምናየው ኅሩይ በትዝታ በሣለው በዚህ ሸራ ላይ ብቻ ነው።

ባለፈው መስከረም ሽቱትጋርት ውስጥ የስደተኛ ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ሲከፈት፣ ኅሩይ ሥዕሉን እንድናውሰው ለመነንና ፈቀድን። ድንበር ተሻግሮ ለሚመለስ ዕቃ ቅጽ ይሞላለታል። ኅሩይ በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ጀርመንኛውን እያነበበ ሲሞላ "ባለንብረት" ከሚለው መስመር ደረሰና የእኔን ስም ሊጽፍ ብዕሩን አስጠጋ። ባለቤቴ፣ የፍቅሬ እናት ወይዘሮ ሕብስት ግን የልጇን ስም አስጻፈችው። በቤታችን ያለ ነገር ሁሉ የእርሱ ነው፤ አዲስ ብርድ ልብስ ስትገዛ እንኳ "ለፍቅሬ" ብላ ነው የምታስቀምጠው። ሲመጣ ሥዕሉን የሚወስደው እርሱ ነው አለች። ኅሩይ አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ዕድሜዬን በመዝገብ መካከል የፈጀሁ ሰው፣ ያ መስመር ሲሞላ ዝም አልኩ። ስህተቱ የእኛ ነው፤ አልክድም።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ከተባሉ፣ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩. ኅሩይ ሳጥኑን በእጁ ሠርቶ፣ በሚስማር ፈንታ በብሎን ዘግቶ፣ ምንም ነገር ፊቱን እንዳይነካው ማዕዘኖቹን ብቻ በስፖንጅ ደግፎ ነበር የላከው። እናንተም ለፍተሻ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ብሎን በየቀዳዳው መልሳችኋል። የመጋዘኑ ሙቀት ከዐሥራ ስምንት ዲግሪ እንደማይወርድም ጽፋችሁልናል። አመሰግናለሁ። ልጄ ከተወሰደ ወዲህ ስለ ምቾቱ የደረሰኝ የመጀመሪያው ዜና ይህ ነው።

፪. ከደብዳቤዎ ጋር የሥዕሉን ሁኔታ የሚዘረዝር አንድ ገጽ ተያይዟል። "በግራ ጉንጭ ላይ ሦስት ሚሊሜትር ጭረት፣ ከጉዞው በፊት የነበረ። በቀኝ ትከሻ ላይ ጥቂት የቀለም መሰንጠቅ፣ አዲስ ጉዳት አይደለም። የፊቱ ቀሪ ክፍል ደህና።" ትራም ውስጥ ሳነበው መውረጃዬ አለፈኝ። ተመልሼ በሌላ ትራም ስሄድም አነበብኩት። ልጄን ወስደው ያቆዩት የአገሬ ሰዎች እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ጽፈው ቢሆን፤ ሲገባ ምን እንዳልነበረበት፣ በኋላ ግን ምን… እንዳልጨርሰው ይፍቀዱልኝ። ለሸራ ይህን ያህል እንደሚጻፍ ባላውቅ ኖሮ ኑሮ ይቀለኝ ነበር፤ ቅሬታዬ ይኸው ነው።

፫. ሥዕሉ የሚለቀቀው ባለንብረቱ ፍቅሬ ወልደሥላሴ በአካል ቀርቦ ሲፈርም፣ ወይም ወኪል ሲልክ፣ ወይም ሞቶ ከሆነ ከወላጆቹ አንዱ መሞቱን በፊርማው አረጋግጦ ማስረጃ ሲያያይዝ ነው ይላሉ። ከሦስቱ ባዶ ካሬዎች በአንዱ ላይ ምልክት እንዳደርግ ያዝዛሉ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ይህ ካልተደረገ ሥዕሉ ባለንብረት እንደሌለው ተቆጥሮ ይወገዳል።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ ልማድ መርዶ ጎሕ ሲቀድ ይነገራል። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ዘመድ ይጠራል፤ ሐዘንተኛው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዘው ሰው ይዘጋጃል፤ ከዚያ አንዱ ቃሉን ያወጣል። እኛን ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያረዳን ሰው አልተገኘም፤ እርግጡን የሚያውቅ አልነበረማ። እኔ በልቤ ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። አልነገርኳትም። እርሷም አልጠየቀችኝም። እንዲህ ሆነን በአንድ ጣሪያ ሥር ኖርን። እናንተ ግን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ በፖስተኛ እጅ፣ በአንዲት ካሬ ጨረሳችሁት። ለቅልጥፍናችሁ ያለኝ አድናቆት የላቀ ነው።

፬. የሞት ማስረጃውን "ከትውልድ አገሩ አግባብ ካለው ባለሥልጣን" እንዳመጣ ጠይቀዋል። እንዲህ ያለ ባለሥልጣን መኖሩን ማመንዎ አስቀናኝ። ከፈለጉ እጽፍላቸዋለሁ፦ "ልጄን ገድላችሁት እንደሆነ፣ ለጉምሩክ ጉዳይ ስለሚፈለግ በሁለት ቅጂ እንዲገለጥልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።" የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ አጻጻፉን አላጣውም።

አምስተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ደከመኝ። በእርሱ ፈንታ ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ልንገርዎ።

ሦስታችንም ወደ እናንተ መጣን። ለወይዘሮ ሕብስት የቀረጥ ጉዳይ ነው ብያት ነበር። ሊወስደን ጄኔቫ ድረስ የመጣው ኅሩይ ባቡር ውስጥ ሊያስቃት እየሞከረ፣ ፍቅሬ የተሣለበትን ሸሚዝ ያዋሰው እርሱ መሆኑንና እስከ ዛሬ እንዳልመለሰለት ነገራት። እርሷም የልጄ አንገት ያልተቆለፈው ያንተ ሸሚዝ ጠብቦት ነው፣ ስስታም፣ አለችው። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

በመስኮታችሁ የተቀመጠችው ወጣት ሠራተኛዎ ትሑት ናት፤ ለወይዘሮ ሕብስት ወንበር አመጣችላት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኛ አዙራ ጣቷን በሦስተኛው ካሬ ላይ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች። ኅሩይ አልተረጎመም። ሕብስት ምን እያለች ነው ስትለው ስለ ማኅተም አንድ ነገር ተናገረ። ደግማ ጠየቀችው። ጫማውን አየ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

"ወልደሥላሴ፣ ልጄ ሞቷል ነው የሚለው ወረቀቱ?"

ወረቀቱ አይልም፤ እኛ እንድንል ነው የሚጠይቀው አልኳት። አንተስ ምን ትላለህ አለችኝ። ከኋላችን ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ አንዱ ሰዓቱን አየ።

"ፈርም" አለችኝ። "እዚሁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ፈርም። ቤት ከገባን እምቢ እልሃለሁ።"

ፈረምኩ። ሠራተኛዎ ወረቀቱን ተቀብላ ካየች በኋላ፣ ማስረጃ ያልተያያዘበት ፊርማ በኮሚቴ እንደሚታይ፣ ይህም ስድስት ሳምንት እንደሚወስድ በትሕትና ነገረችን። ስለዚህ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ባቡሩ ሲነሣ ሕብስት የሱፍ ሻርፗን አወለቀች፤ ከቦርሳዋ ነጠላ አወጣችና አዘቅዝቃ ለበሰች። ነጠላውን ከቤት ይዛ ስትወጣ አላየኋትም ነበር። የቀረጥ ጉዳይ ነው ያልኳት ሴት፣ የሐዘን ልብሷን በቦርሳዋ ይዛ ነው ከእኔ ጋር የመጣችው።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ቢጻፍም፣ በመጽሔታችን ለሚያነቡት የአገሬ ሰዎች መርዶ ነው። ልጃችን ፍቅሬ ሞቷል። ቀኑን አናውቅም፤ መቃብሩን አናውቅም። ለቅሶ የምንቀመጠው ቅዳሜ የካቲት 24 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በቤታችን ነው። ስድስት ዓመት ስለዘገየን ይቅር በሉን።

የኮሚቴዎን የበሰለ ውሳኔ በትዕግሥት እየተጠባበቅሁ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆችዎም ሁልጊዜ በሰዓቱ ወደ ቤት መግባትን እየተመኘሁ፣ የታዘዝኩትን ሁሉ የፈረምኩ ትሑት አመልካችዎ ነኝ።

ወልደሥላሴ አስፋው
የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የፍቅሬ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በለቅሷችን ላይ የሟቹ መልክ ከፊት ይቆማል። እኛ ያለን መልክ እናንተ ዘንድ ነው። ስለዚህ ልጃችንን ለአንድ ቀን ታውሱን ዘንድ እለምናለሁ። ኅሩይ ዓርብ መጥቶ ይወስደዋል፤ ሰኞ በሥራ መግቢያ ሰዓት ይመልሰዋል። እንባ ቀለም እንደሚጎዳ ስለማውቅ፣ ለቀስተኞቹ ከሁለት ሜትር በላይ እንዳይቀርቡ አሳስባለሁ። ስለ እናቱ ግን ኃላፊነት አልወስድም።