«ቤቶች!» የሚለው በር

ይድረስ ጅማ ላለሽው ልጄ ለማህደር። ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከደብረ ብርሃን ብርድ በቀር ምንም አላገኘንም። በስልክ ስናወራ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው።

የላክሽልን ዕቃ ሁሉ ተገጠመ። ማንም አልረዳኝም፤ መመሪያውን ሦስት ቀን አጠናሁት። አሁን የሳሎኑን መብራት ጓዳ ቁጭ ብዬ በስልኬ አበራለሁ፣ አጠፋለሁ፤ ደግሜ አበራለሁ! የምድጃው ሶኬት ግማሽ ሰዓት ሲሞላው በራሱ ይጠፋል። መጀመሪያ የገጠምኩት እሱን ነው።

የውጭ በሩ ላይ የገጠምኩት ደወል ግን አስገረመኝ። በሩ ሲከፈት የሚጮኸውን ድምፅ ምረጪ ሲለኝ፣ ለፋሲካ መጥተሽ በር ላይ «ቤቶች!» ስትዪ በስልኬ የቀዳሁትን ሰጠሁት። ሰው ሲገባ ብቻ የሚጣራ መስሎኝ ነበር። ለካ ገቢና ወጪ አይለይም! እንዴት ነው ይህን ያህል አውቆ ይህን የማያውቀው?

ማክሰኞ አባትሽ «ክፍል ረፈደብኝ» ብሎ ጠመኔውን በኪሱ ይዞ ሊወጣ ተነሳ። ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ አይደል? በሩን ሲከፍተው «ቤቶች!» አልሽ። ቀጥ ብሎ ቆመና «ማህደር መጣች!» እያለ ተመለሰ። ወንበርም አቀረበልሽ።

ድምፁን ልቀይረው ብዬ ነበር፤ ተውኩት። ግን አንዲት ቃል ብቻ ስለሆነች ጥቂት ጠብቆሽ ይነሳል። እስቲ ረዘም አድርገሽ ቅጂና ላኪልኝ፤ «አባዬ፣ መጣሁ፣ ቁጭ በል» በይው።

እመብርሃን ከክፉ ትሰውርሽ።

እናትሽ በለጥሽ