ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቤት ስለፈቀዱልን

ለከተማችን የግንባታ ፈቃድ ክፍል ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ያንን ሁሉ ደረጃ ያለ ሰው ድጋፍ ለሚወጡትና ለሚወርዱት ጉልበቶችዎ፣ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ ወልደዮሐንስ ከፍያለው እባላለሁ። ኮንጋ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ በመጋዘን ሠራተኛነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ፣ ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ትንሽ ከተማችን የምኖር፣ ከቢሮዎ በር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር በደንብ የማውቀው ሰው ነኝ። ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ሁልጊዜ አጎንብሼ ስለምለምን ያዩ የነበረው አናቴን ነው።

ደብዳቤዬን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁት የዋሉልን ውለታ በእኔ ሆድ ብቻ ተቀብሮ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ባለቤቴ ፀሐይወርቅ የቡሌ ልጅ ነበረች። ልብስ ሰፍታ የቤታችንን ቦታ በራሷ ስም የገዛች፣ የሰው እጅ ማየት የማትወድ ሴት ነበረች። ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ሲላት እንኳ ተሽከርካሪ ወንበሯን በግራ እጇና በግራ እግሯ እየገፋች ግቢ ውስጥ ትዞር ነበር። በዚያው ሰሞን ከጎናችን የነበረው የእግር መንገድ ወደ መኪና መንገድ አደገና ቤታችን ፈረሰ። የቀረን አምስት ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ መቀነት የረዘመ መሬትና ከጓሮ ያለችው አሮጌ ማድ ቤት ነበሩ። ማድ ቤቷ ውስጥ ገባን። በሯ ወንበሩን ስለማታስገባ ወንበሩ ደጅ ላይ ላስቲክ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይወርቅ ደግሞ እኔ አቅፌ ካላወጣኋት አትወጣም። ሽንት ቤት ለመሄድ እኔን መጥራት ስላፈረች ውሃ መጠጣት ቀነሰች። ይህን ያወቅሁት ከንፈሯ ሲሰነጣጠቅ ነው።

ስለዚህ ቤት መሥራት ነበረብን። ጎረቤታችን አማኑ ዘንድ ተከራይቶ የሚኖረው ለሚ፣ ዲላ ተምሮ እዚሁ የቀረ የወለጋ ልጅ፣ ፕላን ሊነድፍልን መጣ። «ጠባብ ቦታ ላይ ኮሪደር ቦታ ይበላል፤ ክፍሎቹን በመስመር እንደርድራቸው» አለን። የቤቱን አንድ ጎን ከአማኑ ቤት መስኮት የለሽ ግድግዳ ጋር አስጠጋው፤ በመንገዱ በኩል አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ተወ። ከፊት መኝታ ቤት፣ ከእሱ ቀጥሎ በሰፊ በር የሚገናኝ ሽንት ቤት፣ መሃል ሳሎን፣ ከኋላ ማድ ቤት። ፀሐይወርቅ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አንዱ «ሽንት ቤት በራሴ ልድረስ»፣ ሌላው «ሰው ሲያልፍ ልይ»።

ለሚ ወረቀቱን ብቻ አሳይቶን አልሄደም። ሣሩ ላይ በኖራ ግድግዳዎቹን አሰመረና «እስቲ ይግቡ እማማ» አላት። ወንበሯን እየገፋች ከክፍል ክፍል ዞረች። ሽንት ቤቱ ጋ ስትታጠፍ ጎማው መስመሩን ረገጠ።

«ግድግዳህን ገጨሁልህ!»

«ችግር የለም እማማ፣ ገና አልደረቀም» ብሎ ኖራውን በእግሩ አጥፍቶ መስመሩን ወደዚያ አራቀው። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ ደንብ አክባሪነትዎን አመሰግናለሁ። ፕላኑን ሳቀርብልዎ ከመንገዱም ከአማኑ ወገንም አንድ ሜትር ተኩል እንድንተው አዘዙን። ከአምስት ሜትር ሦስቱ ሲወጣ ሁለት ይቀራል፤ የግድግዳው ውፍረት ሲቀነስ ደግሞ አልጋ ዘርግቶ በጎኑ ለማለፍ ሰው እንደ በር መዝጊያ መቅጠን አለበት። አማኑ ራሱ ቀርቦ «ግድግዳዬ ላይ ይጠጉ፣ ፈቅጃለሁ» ቢልዎት «የእርስዎ ፈቃድ ደንቡን አይሽረውም» አሉት። ሌሎች ለጎረቤቶቻቸው ተጠግተው እንደሠሩ ስነግርዎም «እነሱ ልዩ ሁኔታ ታይቶላቸው ነው» ብለው አስረዱኝ። የአንዲት ሴት እግር አለመሄድ ተራ ሁኔታ መሆኑን ያን ዕለት ከእርስዎ ተማርኩ።

ሁለተኛ፣ ለጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ልዩ ሁኔታ እንዲታይልን አቤቱታ ሳቀርብ «ይዞታው በእሳቸው ስም ነው፣ በአካል ይምጡ» አሉኝ። መራመድ እንደማትችል ነገርኩዎ። እባክዎ አንድ ሠራተኛ ወደ ታች ይውረድልን፣ ባጃጅ ውስጥ ሆና ትጠብቃለች ብዬ ለመንኩ። «ጋሼ፣ ቢሮ አይወርድም» አሉኝ። ድምፅዎ ትሑት ነበር፤ ይህንንም አመሰግናለሁ።

የመጣንበት ቀን ዝናብ ነበር። ባጃጅ ነጂው ጫላና አማኑ ከነወንበሯ አንስተው ደረጃውን አወጧት። ባለጉዳዩ ሁሉ ጥግ ይዞ መንገድ ለቀቀ፤ አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠላት። ፀሐይወርቅ በደህናው እጇ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቢሮዎ ስትገባ ገለጠችው።

«ፀሐይወርቅ እርስዎ ነዎት?» አሏት።

«ነኝ።»

መታወቂያዋን አይተው መለሱላት። የተጠራችበት ጉዳይ ይኸው ነበር። እሷ ግን አልሄደችም። «ሰፊ ቤት ስጡኝ አላልኩም ልጄ። ሽንቴን ለመሽናት ባሌን እንዳልጠራ ነው» አለችዎ። ሰው በተሞላበት ክፍል ውስጥ ይህን ለመናገር ምን እንደጠየቃት እኔ አውቃለሁ። እርስዎ «እናያለን እናቴ» አሉና የሚቀጥለውን ባለጉዳይ ጠሩ።

ስንወርድ ደረጃው ባለጉዳይ በረገጠው ጭቃ ረጥቦ ነበር። ጫላ ከታች ነበር፤ እግሩ ከዳው። ልጁን አልወቅሰውም፤ ወንበሩን ላለመልቀቅ ሲል ትከሻው ወልቋል። ፀሐይወርቅ ግን እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ወደቀች። አልጮኸችም። ደርሼ ሳነሳት መጀመሪያ ያለችኝ «ቀሚሴን ወደ ታች ሳብልኝ» ነው።

ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። ዲላ ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ፤ ተኝታ ስትቆይ ሳንባዋ ታመመና ከዚያ አልወጣችም። ሊጠይቃት ለመጣው ለሚ «መስኮቱን ዝቅ አድርገህ ሥራው፣ እኔ የማየው ተቀምጬ ነው» ትለው ነበር። እሱም እሺ እያለ ወደ ግድግዳው ይዞርና ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ለቅልጥፍናዎ ነው። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ስልኬ ጮኸ። እኔ ማንሣት ስላቃተኝ አማኑ አነሣው። ልዩ ሁኔታው ታይቶ ተፈቅዷል፣ ባለይዞታዋ መጥታ ትፈርም የምትል የቢሮዎ ሠራተኛ ነበረች። አማኑ «ትናንት ቀብረናታል» አለ። ሠራተኛዋ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች፤ ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንግዲያውስ ወራሽ ይምጣ» አለች። በእሷ አልፈርድም፤ የተላከችውን ተናገረች።

ወራሽ ሆኜ መጣሁ። እርስዎም ከመቀመጫዎ ተነሥተው ጨበጡኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፕላኑን አገላብጠው «አሁንማ ብቻዎን ነዎት ጋሼ፤ እነዚህን በሮች ያጥብቧቸውና ከፊት ሱቅ ያውጡበት፣ ይጠቅምዎታል» ብለው መከሩኝ። ያን ዕለት ፕላኑን ጠቅልዬ ወጣሁ። መልሴ ይኸውና፤ በሮቹ አይጠቡም። እኔም እያረጀሁ ነው፣ ከእኔ በኋላ የሚገባበትም ያረጃል። መስኮቱም እሷ እንዳለችው ዝቅ ብሎ ይሠራል። ለሚ መሠረቱን አስቆፍሯል። እኔ ቁፋሮው ዳር ወንበር ይዤ እውላለሁ፤ ሠራተኞቹ ሻይ ሲጠጡ አብሬያቸው እጠጣለሁ። ማታ ወደዚያች ማድ ቤት ስገባ ግን በሯ ለእኔ ትበቃኛለች፤ ይህን ያህል የከበደኝ ነገር የለም።

ደረጃዎ ጠንካራ፣ ደንብዎ የማይነቃነቅ፣ ወንበርዎም የሚመች ሆኖ እንዲቀጥል እየተመኘሁ፣ ከተፈቀደልኝ ስፋት ሳላልፍ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ወልደዮሐንስ ከፍያለው
የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስመጣ ቦንቱ የምትባል ከኢዲዶ የመጣች ሴት በሁለት ክራንች ተደግፋ ከደረጃው ሥር ቆማ አገኘኋት። በአካል ቅረቢ ተብላ ነው። «አባባ፣ ኃላፊው ይወርዱ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። በእርስዎ ስም መልስ መስጠት ድፍረት መስሎ ስለታየኝ ጥያቄዋን እዚሁ ጻፍኩልዎ። በመስኮትዎ ቢመለከቱ ያዩዋታል፤ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሳለች፣ አሁንም ቆማለች።