ካውያው ለማን እጅ ነው

ሐሙስ፣ ኅዳር 6 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጣዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። እኔ መቼም ደህና ነን ማለት ልማዴ ነውና እስከ መጨረሻው አንብበሽ ራስሽ ፍረጂ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ስልኩ ሲጮኽ አባትሽ ከእኔ ቀድሞ ስለሚደርስና አውርተን እስክንጨርስ ከአጠገቤ ስለማይነሳ ነው። አሁን ወደ አንቺ የሚመጣ መንገደኛ ሲገኝ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

መጀመሪያ ስለላክሽው ካውያ ላመስግንሽ። ካርቶኑን የከፈትነው ሬዲዮ መጠገኛ ሱቃችን ውስጥ ነው። እኔ የሽቦ መበየጃውን ሊድ የሚያቀልጥ፣ እስክሪብቶ የሚያክል ነገር ስጠብቅ ጀልባ የሚያክል የልብስ ካውያ ወጣ። አባትሽ አገላብጦ አየውና፣ በዚህ የተበየደ ሬዲዮ ከሆነ ደንበኛው አጣጥፎ ነው ይዞት የሚሄደው አለ። ሲቀልድ ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ! ለዚያ ብቻ እንኳ ድካምሽ ከንቱ አልቀረም።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አባትሽ ካውያ ላኪልኝ ቢልሽ ኖሮ የብየዳው መሆኑን ሳትጠይቂ ታውቂ ነበር። እናት ካውያ ላኪልኝ ስትል ግን ማንም ልጅ የልብሱን ነው የሚገዛላት። በስልክ ስንስቅ ቆይተን፣ "ታዲያ አባዬ ራሱ ለምን አልጠየቀኝም?" ስትይኝ ወሬውን ያስቀየርኩትም ለዚህ ነው። ካውያው ለእኔ ነው፣ ሚጣዬ። አሁን ሱቅ ውስጥ የምበይደው እኔ ነኝ።

አትደንግጪ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጠዋት አባትሽ ፊቱን ሲታጠብ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው፣ ግን ቀለል ያለ ነው አለን። እግሩም አንደበቱም ደህና ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ እኔን መቆጣትም አልተወም። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ብርጭቆ እንደምንም ይይዛል፣ ካውያ አይይዝም። አባትሽ ግን፣ ለልጅቷ ከነገርሻት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ እስከዚያ ደግሞ እጄ ይመለሳል ብሎ እንዳልናገር አስማለኝ። ሐኪሙ ግን ለብቻዬ ጠርቶ፣ ከእጁ ብዙ አትጠብቂ ብሎኛል። ይህን ለአባትሽ አልነገርኩትም።

ሱቁ ተዘግቶ ቤት ሲውል ሰውየው ጠፋብኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ይመሻል። የገዛ ቤታችን ሬዲዮ ሲያንኮራፋ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። በእጁ ሰበብ እሱን ራሱን እንዳላጣው ፈራሁ። አንድ ቀን የሱቁን ቁልፍ ይዤ፣ ተነስ፣ አንተ ትነግረኛለህ፣ እኔ እበይዳለሁ አልኩት። ሳቀብኝ፤ ግን ጫማውን ፈለገ።

ከዚያ ወዲህ በጎኔ ይቀመጥና በግራ እጁ ስንጥር ይዞ እያሳየ፣ እዚህ ጋ አሙቂ፣ ሊዱን አቅምሺው፣ ቶሎ አንሺ ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እኔ ሳቃጥል፣ እሱ ሲጮህ፣ ሱቃችን የተቃጠለ ፕላስቲክ እየሸተተ ሰነበተ። አሁን ትልልቁን ሬዲዮ ብዙም ሳይቆጣኝ እጨርሳለሁ።

ያስቸገረን ትንንሹ ነው። የድሮውን ካውያ ታውቂዋለሽ፤ እጀታው ለአባትሽ መዳፍ እንጂ ለእኔ አልተሠራም፣ ከተሰካ ደግሞ እስኪነቀል ድረስ ዝም ብሎ መጋል ነው። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የጆሮዋን መስሚያ አመጣችልን። የተላቀቀችው አንዲት ፀጉር የምታህል ሽቦ ነበረች። የካውያውን ጫፍ ገና ሳስጠጋው ሽቦዋ የምትያዝበትን የመዳብ ነጥብ ከቦርዱ ላይ ላጠው። ልብስ ሰፊዋ እስካሁን በምልክት ነው የምታወራን። አባትሽ፣ በሌላ መንገድ ዞረን እናገናኘዋለን፣ በዚህ ካውያ ግን አይሞከርም ብሏል። መስሚያው ካልዳነ ሰፈሩ ሰውየው አበቃለት ይላል፣ እሱም ወደ ግድግዳው ይመለሳል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው።

እንግዲህ ምረጡ ብለሽ ወደላክሻቸው የብየዳ ካውያ ፎቶዎች ልምጣ። ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ቀጭኑን ወዲያው ጣልነው፤ ሙቀቱ አይስተካከልም፣ ያው የአሮጌው ታናሽ ወንድም ነው። ሙቅ አየር የሚነፋው ትልቁ ሳጥን ላይ ጎረቤታችን ሞባይል ሠሪው ዓይኑ ቀርቷል። ለእሱ ሥራ ደግ ነው፤ ለእኛ ግን ጠረጴዛውን ይበላብናል እንጂ የምንነፋበት ነገር የለንም። ትንሹ ሳጥን፣ ሙቀቱን በቁልፍ እያዞሩ የሚወስኑለት፣ እሱ ይሁንልን። ስልሳ ዋት ይበቃዋል። ሞባይል ሠሪው እንዳስረዳኝ ዋቱ ከፍ ማለቱ ቦርድ ያቃጥላል ማለት አይደለም፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ሲቀዘቅዝም ቶሎ ያገግማል ማለት ነው። ጫፉ መርፌ የመሰለው አይሁን፣ መርፌው ሙቀት አያቀብልም ይላል አባትሽ፤ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ይሁን። ገመዱም ለስላሳ መሆኑን በእጅሽ እጠፊና እዪ፣ ደረቅ ገመድ እጅ ይጎትታል። መለዋወጫ ጫፉ እዚህ ካልተገኘ ደግሞ ዋጋ የለውም። ሞባይል ሠሪው ያለቀ ጫፍ ሰጥቶኛል፣ ከደብዳቤው ጋር ታገኚዋለሽ፤ የዚህ ዓይነት የሚገባበት ነው ወይ ብለሽ ባለ ሱቁን ጠይቂው።

ያልተስማማነው እጀታው ላይ ነው። ወፍራምና ቀጭን አለው ብለሻል። አባትሽ ወፍራሙ ይሁን ባይ ነው፤ እጄ ሲመለስ በዚያ ስንጥር ምን ልሠራ ነው ይላል። እኔ ደግሞ በወፍራሙ ትንሽ ነገር ላይ አልደርስም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ነዘነዝኩት።

እዚህ ላይ ስደርስ አባትሽ ደረሰብኝ። ወረቀቱን በክንዴ ሸፈንኩት። ለልጅቷ ነው ወይ አለኝ፣ ስለ ካውያው ነው አልኩት። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየ። እጁ ሲንቀጠቀጥ የእኔ ወረቀትም አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

"ቀጭኑን በያት" አለኝ። "አጭርና ቀላል ይሁን። ለእናትሽ እጅ ነው ብለሽ ጻፊላት።"

ለካ እጁ እንደማይመለስ ያውቃል። ማንም ሳይነግረው አውቆት ኖሯል። የለመንኩትን ሰጠኝ፣ እኔን ግን ደስ አላለኝም፤ እንደ ትናንቱ ወፍራሙ ነው ብዬሻለሁ ብሎ ቢጮህብኝ በወደድኩ። እሺ ብዬ ጻፍኩት። ይኸው፣ ቀጭኑን ላኪልን።

ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ፣ ስትደውይም ስለ እጁ አትጠይቂው። ስለ መስሚያው ጠይቂው፤ ያን ሲያወራ አይጠግብም።

የነካሽው ይሙላልሽ፣ የጀመርሽው ይለቅልሽ። እጅሽን ከድካም፣ ልብሽን ከስጋት ይጠብቅልኝ። ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

ስሜን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብሎ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ተቀብሎኛል። ካልተነበበልሽ፣ ከእኔ ስር ያለው "አባትሽ" ነው የሚለው።

እናትሽ

አባትሽ