የዘለልኳቸው ገጾች

ጥር 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

የደረቀውን የሙዝ ቅጠል ቆርጬ፣ እጄን ታጥቤ መቀመጤ ነው። ጣቶቼ አሁንም በሙዙ ፈሳሽ ጠቁረዋል። ማስታወሻዬ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው ብልሽ ትስቂብኝ ይሆን? ከ8ኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ። በቃ፣ አልኩት።

ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። ት/ቤት ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ መ/ርት ሰናይት ናቸው። ሁለት መጽሐፍ አሳትመዋል። የሰጠኋቸውን ጽሑፍ አንብበው ጨርሰዋል አሉ። ነገ ከተማ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ቤታቸው እሄዳለሁ።

ጥር 15፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ሄድኩ። ሻይ ሰጡኝ፣ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ገንዘብ ነው ያሳተሙት። ቴሌቪዥናቸው የተቀመጠው ባልተሸጡት መጻሕፍት ካርቶኖች ላይ ነው። እያሳዩኝ ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ምክራቸውን ሳልረሳው ልጻፈው። ልብ ወለድ ለብዙ ዓመት እንጀራ አይሆንም፣ ስለዚህ የሙዙን ሥራ እንዳልተው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መቀመጥ። ምንም ባይመጣም መቀመጥ። ሳልጨርስ ወደ ኋላ እየተመለስኩ እንዳላስተካክል። ስጨርስ ጮክ ብዬ ማንበብ፣ አፌ ላይ የሚሰናከለውን መሰረዝ። አሳታሚ ውል ቢሰጠኝ የሚያውቅ ሰው ሳያየው እንዳልፈርም። ውል፣ ለኔ።

ከዚያ ሕፃኗ የሞተችባትን ሴት ምዕራፍ አወጡ። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ሙዝ ስትሸጥ ወተቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን ያረጠበው፣ ሰው ሲጠይቃት ውሃ ተደፍቶብኝ ነው ያለችው። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው አሉ። ከየት አመጣሽው አሉኝ። መሬት መሬት አየሁ። ገባቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ አ.አ. ይሄዳሉ። እዚያ አሳታሚ ወዳጅ አላቸው፣ ጽሑፌን ሊያሳዩልኝ ፈቃደኛ ናቸው። ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ስም መቀየር አይበቃም። ባለታሪኳ በሕይወት ካለች መጀመሪያ ለሷ አንብቢላት። እሷ ሳትፈቅድ እኔ አልወስደውም።»

ጥር 18፣ ሰኞ

ባለታሪኳ አክስቴ ዘነበች ናት። ያሳደገችኝ። ከዚያች ሕፃን በኋላ አልወለደችም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ ሙዝ ስንኮተኩት፣ ቀና ሳትል። ለሌላ ሰው ተናግራው አታውቅም።

አክስቴ ማንበብ አትችልም። አማርኛዋም የገበያ ነው። ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። መጽሐፉ ቢወጣስ፣ እዚህ መንደራችን ላንቴ ድረስ መጥቶ ማን ይነግራታል? ቀኑን ሙሉ ይህን ሳስብ ዋልኩ። ለእራት የጣድኩት የበቆሎና የጎመን ኩርኩፋ እሳት ላይ አረረብኝ። አክስቴ ያረረውን ለራሷ አነሳች።

ጥር 20፣ ረቡዕ

ቦዩ ዳር የመስኖ ተራችንን ስንጠብቅ ደብተሬን አወጣሁ። አማርኛውን እያየሁ በጋሞኛ ነገርኳት። ወደደችው። በልብ ወለዴ ስላለው አፍቃሪ ጎረምሳ ስትሰማ ሳቀች። ይሄ ልጅሽ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያፈቅር ማን ይኮተኩትለታል? አይርበውም ወይ? አለች። እውነቷን ነው። እስካሁን አንዴ እንኳ አልበላም። ቤት ስገባ ምሳ ሰጠሁት።

የሷ ምዕራፍ ጋ ስደርስ አለፍኩት። ቀስ ብዬ ነበር የገለጥኩት። ዓይኗን ከቦዩ ሳታነሳ፣

«ሁለት ወረቀት አንድ ላይ ገለጥሽ» አለች። «ማንበብ ነው ያቃተኝ፣ ማየት አላቃተኝም።»

ውሃ ነክቶት ተጣብቆ ነው አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ውሃ ብሎ ማመካኘትን ከማን እንደወሰድኩ ያወቀች መሰለኝ።

ጥር 22፣ ዓርብ

ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። የከበደኝ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት አካፋዋን እያጠበች፣ ተራችን ነገ ጎህ ሲቀድ ነው አለችኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ፦

«ደብተርሽንም ያዢ፣ ልጄ። የተጣበቀው እስከዚያ ይደርቃል።»

ሥራዋን ቀጠለች።

ወስኛለሁ። እምቢ ካለች ወረቀቶቹን ቀድጄ በእጇ እሰጣታለሁ። ታቃጥለው፣ ትቅበረው፣ የራሷ ነው። ከሰዓት የቀረውን ይዤ ሲቀላ እሄዳለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ጎድሎት፣ የሆነው ይሁን። እሺ ካለች ደግሞ ምን ብዬ አመሰግናታለሁ? እሱን አላውቅም።

ነገ ውሃው ወደ ሙዙ ሲገባ፣ እሷ በአካፋ ስትመራው፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ አነባለሁ። ጮክ ብዬ። ገበያው ጋ ስደርስ ድምፄ ቢቆረጥም አንድም ገጽ አልዘልም።